ሳላነበው የቆየ ወረቀት

ጥር 6

እስከ ምሳ አርባ ገጽ አረምን። አዲሱ አጋሬ ሲያነብ ይጋልባል። ኧረ ቀስ በል... "እሺ እትዬ" ይልና መልሶ ይጋልባል። እታለም እንዲህ አልነበረችም። ታላቅ እህቴ። አሥራ ስምንት ዓመት በዚሁ ማተሚያ ቤት፣ በዚሁ ጠረጴዛ፣ እሷ ረቂቁን ጮክ ብላ ስታነብ እኔ ለኅትመት የተለቀመውን ገጽ በጣቴ ስከተል። ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር ትጠራ ነበር፣ "ነጠላ ሰረዝ... አራት ነጥብ።" እኔን ያመለጠኝን እሷ ትይዛለች፣ እሷን ያመለጣትን እኔ። ከሞተች ሦስት ወሯ። ወንበሯ ላይ ሰው ሲቀመጥ ዛሬም ቀና ብዬ አላይም።

ጥር 8

መሳቢያውን ከፈትኩ። ፖስታው እዚያው አለ። እታለም ጡቷን የታመመች ሰሞን ነበር የሰጠችኝ። "አንቺንም ይመለከታል፣ አንብቢው።" "አነባለሁ" አልኳት። ሁለት ዓመት! ሰው የጻፈውን ሁሉ እያነበብኩ የምኖር ሴት፣ ይቺን አንዲት ወረቀት... እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ፈሪነቴን ታውቀዋለች።

መልሼ ዘጋሁት።

ጥር 9

አነበብኩት። ከሐኪሟ የተጻፈ ሦስት መስመር ብቻ። ሕመሙን ከእናታችን የወረሰችው ሳይሆን አይቀርም፣ እህትም ትመርመር ይላል። እማዬም በዚሁ ነው የሄደችው።

ጥር 14

እታለምን ያከሟት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሥራዬን ስነግራቸው ፈገግ አሉ። "እንግዲያማ ቶሎ ይገባዎታል።" ሴል ሲባዛ ዲኤንኤውን ፊደል በፊደል ይገለብጣል አሉኝ። ይሳሳታል። ፀሐይም፣ ጭስም፣ የራሱ ሥራም ይጎዳዋል፣ በየቀኑ ብዙ ሺህ ጊዜ። ግን ጠጋኞች አሉት፣ የተበጠሰውን የሚቀጥሉ። ጠጋኙ የሚሠራበት መመሪያ ደግሞ ሁለት ቅጂ ነው፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። የእታለም አንደኛው ቅጂ ስትወለድ ጀምሮ ብልሹ ነበር።

"በሌላው ዕድሜ ልክ ሊሠራ ይችላል" አሉ። "አንድ ሴል ውስጥ ያም ከተበላሸ ግን ስህተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ካንሰሩ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው።"

እንግዲህ አንዱ አራሚ ከመነሻው የለም ማለት ነው። የቀረው ብቻውን ነው... እንደ እኔ።

ደም ሰጠሁ።

የካቲት 5

አለብኝ።

የካቲት 6

ልጄስ? "ለልጅዎ የመተላለፉ ነገር ግማሽ በግማሽ ነው" አሉ ሐኪሟ። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ። እታለም "ፌንጣ" ነበር የምትላት፣ አንድ ቦታ አትቀመጥማ። ነገ እነግራታለሁ።

የካቲት 12

ነገ ነገ እያልኩ ስድስት ቀን። ዛሬ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር።

"አክስቴ ወረቀቱን መቼ ነው የሰጠችሽ?"

"ሁለት ዓመት..."

"እማ! አንቺ እኮ ለአንድ ነጠላ ሰረዝ ማተሚያ ታስቆሚያለሽ!"

ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታ እንደገና አጠፈችው። ፈራሁ አልኳት። "እኔስ አልፈራም? ግን ማን ጠየቀኝ?" አለች። እውነቷን ነው።

የካቲት 20

ጡቴን ራጅ ተነሣሁ። ለጊዜው ምንም የለም ተባልኩ። እሷም ደም ሰጠች። መንገድ ላይ ቀድማኝ ትሄድ ነበር፣ ግን ስንሻገር ክንዴን ያዘችኝ።

የካቲት 27

አንድ መስመር ሙሉ ተዘልሎ ሳላየው አለፈኝ። አጋሬ ነው የያዘው። "እትዬ፣ ትንሽ ይረፉ፣ ሻይ ላምጣልዎት" አለኝ። ያ ጋላቢ! አንጀቴን በላው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 10

በምሳ ሰዓት ፌንጣ ሥራ ቦታ መጣች። ውጤቱን በሁለት ቅጂ አስጽፋ፣ ፖስታውን ሳትከፍት። እታለም ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። "እኔ ላንብብ፣ አንቺ ተከተይ።"

ልጅ ሆና እዚህ ጠረጴዛ ሥር እየተጫወተች ስትሰማን አድጋለች። እንደ አክስቷ አነበበችው። ስሟ ትክክል። የትውልድ ቀኗ ትክክል። "በናሙናው ላይ ነጠላ ሰረዝ ከእናት የተላለፈው ብልሽት ተገኝቷል አራት ነጥብ።" ሳታቋርጥ ጨረሰችው።

"ቀድመን ካወቅን እንከታተላለን ብለዋል፣ በየጊዜው አብረን እንሄዳለን" አለችኝ። እኔን ልታጽናና!

ድገሚው አልኳት። ደገመችው። በዕድሜዬ እንደ ዛሬ ስህተት ፈልጌ አላውቅም። ፊደል በፊደል ሄድኩበት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ።

አንድም የለበትም።