ከነቁልፉ የተጣለ ቀሚስ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ዛሬም ጭቃ ሳጥብ ዋልኩ። የጥንት ቅርስ አጥኚዎች የኛን ሰፈር፣ የድሮውን የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር፣ እየቆፈሩ ነው፤ የሚወጣውን ስባሪ አጥቦ መደርደር የኔ ሥራ። እናቴ "የሞተ ሰው ሳህን ስታጥቢ ትውያለሽ፣ የኛ ሳይታጠብ ያድራል" ትለኛለች።
የቁፋሮው ኃላፊ ሜረዲት ጠራችኝ። ሳቫና ከተማ ቋሚ ሥራ አለ፣ እስከ ዓርብ አሳውቂኝ አለች። ሳቫና... እናቴንስ ከአልጋ ማን ያነሳታል?

ማክሰኞ 7
ስለ ሳቫናው ሥራ ልነግረው አትላንታ ላለው ወንድሜ ለክላይተን ደወልኩ። "ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ምን አስቸኮለሽ?" አለኝ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። መቼ ልቸኩል?

ረቡዕ 8
ከእኛው ጓሮ፣ ከድሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ፣ አሥራ አራት ነጫጭ የቀሚስ ቁልፎች ወጡ። በመስመር እንደተደረደሩ። ጨርቁ በስብሶ አልቋል። ሜረዲት "ያረጀ ልብስ" ብላ ጻፈች። ዝም ማለት አቃተኝ፤ ነገርኳት። እዚህ ሰፈር ቁልፉ ሳይቆረጥ ልብስ አይጣልም። እናቴ ዛሬም አሮጌ ሸሚዝ ለመወልወያ ስትቀድ፣ መጀመሪያ ቁልፎቹን ቆርጣ ጣሳ ውስጥ ትከታለች። ከነቁልፉ የሚጥል የተናደደ ሰው ነው። ሜረዲት የጻፈችውን ሰረዘችው።

ሐሙስ 9
ለእናቴ ነገርኳት። "የዜላ ነው" አለች። ዜላ የእናቴ አያት እህት ናት። ለሠርጓ የሰፋችው ቀሚስ... ያኔ የፋብሪካው ቤት የሚሰጠው በክፍል አንድ ሠራተኛ ተቆጥሮ ነው፤ አራት ክፍል፣ አራት ሠራተኛ። ዜላ ካገባች አንድ ይጎድላል፣ ቤተሰቡ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው። ሳታገባ ቀረች። እዚሁ ቤት አርጅታ ሞተች።
"ማግባት አትወድም ሲባል ነው ያደግነው" አለች እናቴ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ስላንቺም ለሰው እንዲያ ነው የምለው።"
ተናደድኩ። በእሷ፣ በክላይተን፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። ደግሞም አሳዘነችኝ። ሄጄ ሳህን አጠብኩ።

ዓርብ 10
ለሜረዲት እሺ አልኳት። ክላይተን ጋ ደወልኩ። ከእሁድ ጀምሮ እናታችን አንተ ጋ ናት አልኩት። ጮኸ። ሥራ አለብኝ፣ ሚስቴ ምን ትላለች፣ አንቺ እያለሽ... አላቋረጥኩትም። ሲጨርስ "ሁለት ልጅ ነው የወለደችው" አልኩት።
እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ስትሰማ ኖሯል።
"የበቆሎ ገንፎዬ ላይ ጨው እንዳያበዛ ንገሪው" አለች።
ነገርኩት።