በገጹ ላይ ያልነበረችው ሾፌር

እትዬ፣ ሾፌሯ በገጹ ላይ አልነበረችም። ሰላምታ ሳላቀርብ ወደ ነገሬ መግባቴን አይተሽ «ይቺ ልጅ ደግሞ፣ ዱላ ይዛ ነው እንዴ የምትመጣው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ግን በዚያች ቅጽበት ነውና ከእሷ ልጀምር። በስብሰባው ክፍል ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል፤ ዋና አዘጋጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «እስቲ ያልሽውን ቦታ አንብቢልን» አለኝ። ያን ጠርዙ የተበላ መጽሔት ከፍቼ ጣቴን በመስመሮቹ ላይ ሰደድኩ። የጠፈር መርከቧ ትወድቃለች፣ መሣሪያው ይቃጠላል፣ ጭሱ ክፍሉን ይሞላዋል። ሾፌሯ የለችም። ገለጥኩ፣ መለስኩ፣ እንደገና ገለጥኩ። በእሷ ቦታ ያለችው የፕሮፌሰሩ ልጅ ናት፤ እሷም ራሷን ስታ ወድቃለች።

አሁን ሰላም ልበልሽ። እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ? የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ስትዪ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም «የሥራ ነው» እያልሽ ታባብዪዋለሽ? የእማዬ ዓይን ከታከመ ወዲህ ክር በመርፌ ታስገባለች? ድንቡሼ ልጅሽ ጥርስ አወጣች? ባልሽስ፣ አናጺው፣ ያን ቁም ሣጥን ጨረሰው ወይስ አሁንም የሰው በር እየሠራ የራሱን በር በገመድ ያስራል? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። በሌላው ግን ደኅና አይደለሁም። በስልክ በግማሽ የነገርኩሽን ሙሉውን የምጽፍልሽም ለዚህ ነው። በስልክ ስትስቂ አንጀቴን ስለምትበዪው ንግግሬ ይጠፋብኛል።

መጽሐፍ የምናሳትምበት ቢሯችን ፎቅ ላይ መሆኑን ነግሬሻለሁ። ከበታቻችን ጎማ ጠጋኝ አለ፤ የአየር መሙያው ሲነሳ ጠረጴዛዎቻችን ይንቀጠቀጣሉ፣ እኛም ነጠላ ሰረዛችንን ይዘን አብረን እንንቀጠቀጣለን። ዋና አዘጋጁ እነዚያን የድሮ ርካሽ የጠፈር ታሪኮች በቋንቋችን ለማውጣት አሰበና መምረጡን ለእኔ ሰጠኝ። አንድ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የመጽሔት ክምር አምጥቶ አራገፈ። ሽፋኖቹን አወቅኋቸው። ከጓሮ ክፍላችን ተከራይ የነበረው ሬዲዮ ጠጋኝ ጥሎት በሄደው ካርቶን ውስጥ የነበሩት ናቸው፤ ራሱን በብርጭቆ ገንቦ ውስጥ የከተተው ሰውዬ፣ ክንዱ የበዛው አረንጓዴ ፍጡር፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ጠፈር ውስጥ የዋና ልብስ ለብሳ አፏን የከፈተችው ሴት። ሽታቸው እንኳ ያው ነው፤ የደረቀ ሙጫ።

ልጅ ሳለሁ አንቺ መጽሔቱን መኪናው ላይ ዘርግተሽ፣ የባዕዱን ቋንቋ በዓይንሽ እያነበብሽ በአፍሽ በራሳችን ቋንቋ ስታፈሺው፣ እኔ የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጬ እሰማ ነበር። «ከዚያስ?» ስልሽ «ቆይ፣ ክር ልቀይር» ትዪኝ ነበር። ታሪኩ በጣም በሚያስጨንቅ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ክር ያልቅብሽ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

እናም በስብሰባው ላይ «ይህን ታሪክ ግን እንዳትተዉት» ብዬ፣ መጽሔቱን ሳልከፍት ተረክሁላቸው። ሌላው ሰው ያነበበውን የሚያስታውሰው በዓይኑ ነው፤ እኔ ግን በጆሮዬ ነበርና ገልጬ ማየቱ ትዝ እንኳ አላለኝም። ወንዶቹ ሲጯጯሁ የመርከቧ ሾፌር «እስቲ ዝም በሉ፣ ላዳምጣት» ትላለች አልኳቸው። ጫማዋን አውልቃ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ትለጥፋለች። በድምፁ ብቻ የታመመውን ሞተር ትለይና እሱን አጥፍታ፣ መርከቧን በቀሩት ሞተሮች እያስነከሰች ታወርዳታለች። የጨረቃዋ አረንጓዴ ሰዎችም ወደቡ ላይ ቆመው «አነዳድሽስ ደኅና ነው፤ አቋቋምሽ ግን መንገድ ዘግቷል» ይሏታል። ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች። ዋና አዘጋጁ አገጩን በእጁ ይዞ እንደ ልጅ ነበር የሚያዳምጠኝ፤ ይህን ልብ በዪልኝ።

ከዚያ ጺማሙ ተርጓሚያችን «ገጹ ስንት ላይ ነው?» አለ። የቀረውን ነግሬሻለሁ። ገጹ ላይ ምንም እንደሌለ ሲያውቅ «እህቴ፣ የአንቺስ ላም አለኝ በሰማይ ነው» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። ዋና አዘጋጁ ፈገግ ብሎ «የሌለ ነገር የምታነብ አርታኢ ታስፈራለች» አለ። ሥራው ለጺማሙ ተሰጠ፤ እኔ የንብ እርባታ መመሪያ እንዳርም ተደረግሁ።

ያን ክምር ቤቴ ወስጄ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እትዬ፣ እንዴት ያሉ ጉዶች ናቸው! ማርስ ላይ ቦይ ተቆፍሯል፤ ቬነስ ረግረግ ናት፣ እንቁራሪት ይጮኽባታል። በኮከቦች መካከል የሚበር ሰው መንገዱን የሚያሰላው በእርሳስና በማስመሪያ ነው። አየር ሊያልቅ ነው እየተባለ ካፒቴኑ ፒፓውን ይለኩሳል። በዚህ በዚህ ብቻዬን ስቄያለሁ። እንዲህ ያለው ስህተት አያስቀይምም፤ በእኛም ነገ ይሳቅብናል። ያላሳቀኝ ሌላው ነው። ከሺህ ዓመት በኋላም ደብዳቤ የምትተይበውና ሻይ የምታቀርበው ሴት ናት። ሥራዋ መጮህ፣ መውደቅና መታቀፍ ነው። አረንጓዴዎቹ ቋንቋ የላቸውም፤ «አጉረመረሙ» ይላል፣ በሚቀጥለው መስመር ካፒቴኑ ይፈጃቸዋል፣ የሚያለቅስላቸውም የለም። ሰማይን የሚያህል ነገር ያለሙ ሰዎች አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ማለም አቃታቸው።

አንዳንዱ ቦታ ግን ዛሬም ልቤን ይነካኛል። መስኮቱ ሲከፈት ከዋክብቱ አልተርገበገቡም ይላል፤ አየር በሌለበት ኮከብ አይርገበገብምና። ይህን የጻፈ ሰው እውነት ለማየት የጓጓ ሰው ነው። አንቺም ይህን ሳትነኪ እንዳለ አንብበሽልኛል። የሚነካውንና የማይነካውን ለይተሽ ታውቂ ነበር።

የወደድኳቸው ቦታዎች ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ባዶ ሆነው አገኘኋቸው። የአረንጓዴዎቹ ቀልድ የለም። ካፒቴኑን በአረንጓዴዎቹ ለቅሶ ላይ ስለ አለቃቀሱ የምትቆጣው አሮጊት የለችም። ሾፌሯ በአንዱም የለችም። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ አዘንኩብሽ። ፊዚክስ የተማርኩት በእሷ ምክንያት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከወንዶች መሃል ብቻዬን የተቀመጥኩት «ከእኔ በፊት አንዲት ነበረች» ብዬ፣ በሌለች ሴት ተማምኜ ነው። ከዚያ ግን ጆሮዋን ብረት ላይ የምትለጥፍ ሴት የት እንዳየሁ ትዝ አለኝ። መኪናሽ ስትንጫጫ እግርሽን ከፔዳሉ ላይ አንስተሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ጎንበስ ብለሽ «አሟታል፤ ብረትም ያመዋል፣ የሚሰማው ካገኘ ይናገራል» የምትዪው አንቺ ነሽ።

በስልክ ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ? «ገጹን አይጥ በልቶት ነበር፤ ቀዳዳውን ደፈንኩት እንጂ ምን ሠራሁ» ብለሽ ሳቅሽ። እትዬ፣ እኔ ያገኘሁት ቅጂ አንድ ገጽ አልጎደለውም። የእኛ ቤት አይጥ ራሳቸውን የሚስቱትን ሴቶች ብቻ እየመረጠ ይበላ ነበር እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ነው ቁጭቱ የማይለቀኝ። እማዬ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብቻ ትማር» ያለች ቀን፣ ትምህርቱን ለመተው እጅሽን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ለመመለስ እንደምታወጪው አድርገሽ፣ ቀጥ አድርገሽ። ያ እጅ ምን ሊጽፍ ይችል እንደነበር የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ቅርጫቱ ይሞቀኝ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። መጽሐፉ ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ሽፋኑ ላይ «ለዘመኑ አንባቢ እንደገና የጻፈው» ይልና የዋና አዘጋጁ ስም አለበት። ገለጥኩት። በዚህኛው ሾፌሯ አለች። ባዶ እግሯ፣ ጆሮዋ፣ መንገድ የዘጋው አቋቋሟ ሁሉ አለ። «ብረትም ያመዋል» እንኳ አልቀረም። ሳላንኳኳ ገባሁበት። «ይህ የእህቴ ነው» አልኩት። «የኔ እመቤት፣ ጽሑፉ የታለ?» አለኝ፤ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። «አየር ላይ የተነገረ ነገር ባለቤት የለውም። ደግሞስ መጽሐፉ ውስጥ አለ ያልሽው አንቺው አይደለሽ?» በራሴ ገመድ አሰረኝ። በሩን ክፍት ትቼበት ወጣሁ።

መጽሐፉ በሚመረቅበት አዳራሽ ግን መልሱን ሰጠሁት። የትምህርት ቤት ልጆች ሞልተው ነበር። ዋና አዘጋጁ ያንኑ ቦታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፤ ደኅና አንባቢ ነው፣ አልክደውም። አንዲት ልጅ ተነስታ «ሾፌሯን ከየት አመጧት?» ስትለው «አንድ ቀን መስኮት አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ራሷ መጣችልኝ» አለ። ያኔ ተነሳሁ። «አልመጣችልዎትም! ያመጣቻት ልብስ ሰፊ እህቴ ናት፣ እግሯ ፔዳል ላይ ሆኖ። እርስዎ የሰሙት ከእኔ ነው፣ ሰምተውም ስቀውብኛል» አልኩ። ጺማሙ ጫማውን ማየት ጀመረ። ልጅቷ ግን ወደ እኔ ዞራ «ታዲያ እህትሽ ሌላም ታሪክ ታውቃለች?» አለችኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀች እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ጠሩኝ። ተሳስቻለሁ ብዬ በጽሑፍ ይቅርታ ከጠየቅሁ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለው እትም መጨረሻ ገጽ ላይም «ሐሳብ ላቀበሉን ሁሉ» የሚል ምስጋና ይገባልኛል። ሁሉ! ይህን ስነግርሽ አንቺ ደግሞ «ፈርሚና ተመለሺ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ስሜ እዚያ ላይ ቢወጣ ምን ይሠራልኛል?» አልሽኝ። አልፈረምኩም። ኩባያዬንና መዝገበ ቃላቴን ይዤ ወጣሁ። አሁን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በወሊድ ፈቃድ ላይ ባለች መምህርት ቦታ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የኮከብ መርገብገብን ሳስረዳ የአንቺ ድምፅ ነው ከአፌ የሚወጣው።

ይቆጨኛል፣ እትዬ። ሾፌሯን በዚያ ክፍል አፌን ከፍቼ ባላወራት ኖሮ ዛሬም የእኛ ነበረች። አሁን ብዙ ልጆች የሚያውቋት የዋና አዘጋጁ ፈጠራ አድርገው ነው፤ ያን መመለስ አልችልም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ያልፈሰሰው ግን አለ። አረንጓዴዎቹ ሠርግ የጠሩበትን፣ አሮጊቷ ጨረቃ ላይ ዶሮ ያረባችበትን፣ ሾፌሯ መርከብ መንዳት ለሴት ልጇ ያስተማረችበትን አልነገርኳቸውም። ማታ እግርሽ ሲያርፍ ለድንቡሼ ስታወሪላት ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊና ቅጂልኝ። የመኪናው ድምፅ ቢገባበት አይክፋሽ፤ ክር ስትቀይሪም አታጥፊው። እኔ እየሰማሁ እጽፋለሁ፣ አንቺ ታርሚያለሽ፣ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ያንቺ ስም ብቻ ነው። ማን ያትመዋል እንዳትዪኝ፤ እሱን ለእኔ ተዪው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ሥራ ለቀቀች ብለሽ አታስደንግጫት፣ አስተማሪ ሆነች በያት፣ እሱም እውነት ነው። ለአናጺው ሰላምታዬን አድርሺና የራሱን በር እስኪሠራ ድረስ እንደማላምነው ንገሪልኝ። ድንቡሼን ጉንጯን ንከሺልኝ። ያን ቅርጫት እንዳትጥዪው፤ አሁን የእሷ ነው።

ከእንግዲህ «ሐሳብ ላቀበሉን ሁሉ» ውስጥ መግባትን አልቀበልም። የተነገረ ነገር ባለቤት የለውም የሚለኝን ሰው፣ ወንበሩ ምንም ያህል ከፍ ቢል፣ አልቀበልም። ከሁሉ በላይ ግን፣ እትዬ፣ አንቺ ራስሽ «አይጥ የበላውን ደፈንኩ እንጂ ምን ሠራሁ» ስትዪ ከእንግዲህ አልቀበልሽም።

ታናሽሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት አጋማሽ