«መንገዱ ነው» ተብሎ ማኅተም ስለተመታበት ኳኳታ

ለክቡር ኦሮዝቤክ ሳማቶቪች፣
የወረዳው የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለፈረሶችዎና በተለይም ለጆሮዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ በሽተኛ ጭኜ ያንን ገደላማ ተራራ እያቋረጥኩ ወደ ከተማው ሆስፒታል የምመላለሰው የአክ-ታሽ ጤና ኬላ ሾፌር ቱርዳኩን ነኝ። የመኪናችን የግራ የፊት ጎማ ወደ ቀኝ ስታጠፍና ጉድጓድ ሲያገኘው ኳ ኳ ማለት ከጀመረ ሁለት ወር አለፈው። መለዋወጫ የሚታዘዝልን ጽሕፈት ቤትዎ ብልሽቱን መርምሮ ሲፈርም ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ምርመራው ያለኝን ምስጋና በተራ በተራ ላቀርብ እወዳለሁ።

፩. በመጀመሪያው ቀን መርማሪዎችዎ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁመው፣ ሞተሯን አጥፍተው፣ ለሩብ ሰዓት ያህል በጥሞና ስላዳመጡልን አመሰግናለሁ። ምንም አላለችም። ቆማ የምታንኳኳ ብትሆን ኖሮ የምወስዳት ወደ እናንተ ሳይሆን ጸሎት ወደሚያደርግላት ሰው ነበር። ከግቢ ውጭ ነድቶ መመርመር በመመሪያው አልተፈቀደም መባሌንም ለእኔው ደኅንነት ታስቦ ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

፪. ክቡርነትዎ መመሪያውን ወደ ጎን ብለው በአካል ሊፈትኗት ስለመጡ ደግሞ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። እንግዳ በባዶ ሆዱ አይነዳምና ያቀረብንልዎትን፣ እንደ ጠላ ሞቅ የሚያደርገውን የፈረስ ወተት እስከ አራተኛው ጽዋ አላሳፈሩንም። መኪናችን መሪዋ በቀኝ ነው፤ የሁላችንም ታላቅ ነዎትና እንደ ወጋችን በክብር ከፊት ወንበር፣ ልክ ከሚያንኳኳው ጎማ በላይ አስቀመጥንዎት። በመጀመሪያው መታጠፊያ ኳ አለ፤ በሁለተኛው ኳ ኳ። ከኋላ የነበረው ምክትልዎ አፉ አምልጦት፣ «ሰማችሁ? ከግራ ጎማው እኮ ነው» አለ። እርስዎ ዐይንዎን ሳይገልጡ፣ «የኔ ልጅ፣ መንገዱ ነው» አሉት። እሱም ትንፋሽ ሳይወስድ፣ «ልክ ነዎት አባባ፣ መንገዱ ነው» አለ። በእኛ ዘንድ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ክርክር የለም። ጎማው ግን ስድ ነውና፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ እስክንመለስ ድረስ ሲመልስልዎ ነበር።

፫. ከዚያም «ተሽከርካሪው ጤነኛ ነው፤ ድምፁ የመንገዱ ነው» ብለው ፈርመው ማኅተም ስላደረጉበት አመሰግናለሁ። መንገዱን አንሥቼ ወደ ጋራዥ ማስገባት ስላልቻልኩ መኪናዋን ይዤ እማማ ባይደ ዘንድ ሄድኩ። እማማ ባይደ ሠላሳ ዓመት ትራክተር ስትጠግን ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በክሪክ ጎማውን ከመሬት አነሣችውና አሽከረከረችው፤ ድምፅ የለውም። ከዚያ ከላይና ከታች ይዛ ስትወዘውዘው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቀ። «ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ደኅና ነው፤ ያለቀው ይኸ ከታች ያለው መጋጠሚያ ነው» አለችኝ። «በዚህ ጎማ እንኳን ሰው፣ ድንችም አልጭንበት» ብላም ጨመረች። ለዚህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ምን ዋጋ አለው፣ ማኅተም የላትም።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ላፍታ ላቁምና እውነቱን ልናገር፤ እፈራለሁ። ባለፈው ሳምንት ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ ስወርድ፣ በየመታጠፊያው የማዳምጠው የእሷን ጩኸት ሳይሆን የጎማውን ነበር። ያ መጋጠሚያ ገደሉ አፋፍ ላይ ቢወልቅ ጎማው ወደ አንድ፣ እኛ ወደ ሌላ ነን። ሴትዮዋ ወንድ ልጅ ወልዳ በሰላም ገብታለች።

ጎማው ከቦታው እስካለ ድረስ በታማኝነት የማገለግልዎ፣ የመንገዱን ድምፅ ከማንም አብልጬ የማውቅ ትሑት አገልጋይዎ፣

ቱርዳኩን አሲልካኖቭ
የአክ-ታሽ ጤና ኬላ ሾፌር

ማስታወሻ፦ የፊታችን ሐሙስ ለዐይን ቀዶ ሕክምና ወደ ከተማ የማደርሳቸው የክቡርነትዎን እናት ነው። ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ ታላቅ እሳቸው ናቸውና እንደ ወጉ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ጉዞው ይቆይ ብዬ ብለምናቸው፣ «ልጄ መኪናዋ ምንም የላትም ብሎ ፈርሞ የለም እንዴ? እሱ ካለ አለ ነው» ብለው አሳፈሩኝ። ስለዚህ ረቡዕ ብቅ ብለው ከማኅተሙ ሥር «እናቴም ትሳፈር» የሚል አንድ መስመር በእጅዎ እንዲጨምሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ብዕሩ እምቢ ካለዎት፣ ክሪኩን ከጎማው አጠገብ አስቀምጬልዎታለሁ።