ከአሥር ፊደል አይበልጥም

ኅዳር 2

ዛሬ ሁለት ሬዲዮና አንድ ካውያ ጠገንኩ። ካውያውስ ከሞት ነው የተነሳው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለእህቴ ኢንተርኔት አስገባሁላት። የእኔ ላፕቶፕ የራሱ ሲም ካርድ አለው፤ የእሷ ታብሌት የለውም። ሳምንት ሙሉ ስጎረጉር ከርሜ መላውን አገኘሁት። ላፕቶፑ ያገኘውን ኔትወርክ ያለ ገመድ ለታብሌቱ ያካፍላል። የእኔን መሥሪያ ክፍልና የእሷን መኝታ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው... ያልፈዋል! ማን አስተማረኝ? ማንም።

እህቴ ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ድምፅ የላትም። የምትለውን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ታብሌቱ ሲከፈትላት አየችው፣ አየችኝ፣ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ ቤቱን እንዳታቃጥለው።»

ታላቅን ማክበር ድሮ ቀረ።

ኅዳር 4

ለኔትወርኩ ስም ማውጣት ይቻላል ለካ! በአማርኛም ይቀበላል። ግን ከአሥር ፊደል ካለፈ እምቢ ይላል። ለምን? እንጃለት። «ቁርስሽን ሳትጨርሺ ኢንተርኔት የለም» ብዬ ልጽፍ ስል «ቁርስሽን ብዪ» ላይ ቀረሁ።

ታብሌቷን ስትከፍት ስሙን አየችው። ነጠላ ጫማ ወረወረችብኝ። ሳተችኝ። በላች ግን... ሦስት ማንኪያ።

አንድ ችግር አለው። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ታብሌቱ እንደ አዲስ እንግዳ ይሆናል፤ የይለፍ ቃል እንደገና ይጠይቃል። ሄጄ የምጽፍላት እኔ ነኝ። «ንገረኝና ራሴ ልጻፈው» ትላለች። «የመንግሥት ምስጢር ነው» እላለሁ።

ኅዳር 5

የዛሬው ስም፦ «ጭቅጭቋ ቀነሰ»። መልሷ፦ «ድምፄ ሲመለስ ታያለህ።»

አይመለስም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ኅዳር 8

ቤት የምትመላለሰው ነርስ የእህቴን ቁስል አጥባ ስትወጣ በር ላይ ያዝኳት።

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«በወር አይቆጠርም፣ አባባ።»

«በሳምንትስ?»

ጫማዋን አየች።

የእህቴ ልጅ አታውቅም። አንድ ልጅ ናት ያለቻት፤ ጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ። ባሕር ላይ እያሉ ስልክም ኢንተርኔትም የላትም። ወደብ ሲደርሱ ግማሽ ሰዓት ታገኛለች። ኅዳር 13፣ አሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች። እናትየው «ትንሽ ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» እያለች በጽሑፍ ስታታልላት ከረመች። እኔም አብሬ ዋሸሁ።

ዛሬ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «የዚያን ቀን ራሴ እነግራታለሁ። ፊቷን እያየሁ። አንተ እንዳትቀድመኝ።»

ማልኩላት።

ኅዳር 11

ለልጇ የምታሳየውን ስትጽፍ ስታጠፋ ዋለች። ጠጋ ስል በእጇ ትሸፍነዋለች። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበረች። ታላቋ ሆኜ ሒሳብ የምኮርጀው ከእሷ ነበር...

እጇ ይንቀጠቀጣል። ሲደወል ታብሌቱን ለመንካት ይበቃል። ከዚያ በላይ እንጃ።

ኅዳር 13

መጻፍ አልቻልኩም።

ኅዳር 14

እንደሆነው ልጻፈው።

ትናንት ከምሳ በኋላ ፀጉሯን አበጠርኩላት። ሰማያዊዋን ሻርፕ አንገቷ ላይ አሰረች፣ ቁስሉ እንዳይታይ። ሰሌዳውን ገልብጣ ደረቷ ላይ ይዛለች። ጨርሳዋለች ማለት ነው። ፊቷ ላይ ትንሽ ቀለም ነበር። «ሙሽሪት!» አልኳት። ሳቀች። በቃ፣ ሰይጣን ገባብኝ። ክፍሌ ሄጄ ስሙን ለወጥኩት፦ «ሙሽሪት ተዘጋጂ»። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። የይለፍ ቃሉን ልጽፍላት ስነሳ በሩ ተንኳኳ።

ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው።

«ጋሼ፣ በሞቴ! ምድጃው ጠፋብኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ነው!»

አሥር ደቂቃ አልኩ። እውነትም የተበጠሰች አንዲት ሽቦ ነበረች። ቀጠልኳት፣ በራ። ያኔ ብመለስ ምን ነበረበት? «ጋሼ፣ አንተ እኮ ኢንጂነር ነህ» አለኝ። በቃ፣ ልቤ አበጠ። ለእህቴ ኢንተርኔት በግድግዳ እንዴት እንዳሳለፍኩላት ተረኩለት። አሥር ፊደል ብቻ እንደሚቀበል ጭምር ነገርኩት... ቀና ስል የግድግዳው ሰዓት አሥር ከሃያ አምስት ይላል።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ።

ስልኬ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሰባት ጊዜ ተደውሏል። እህቴ ከግድግዳው ማዶ ሆና ሰባቱንም ሰምታለች። ተነስታ አታነሳው። ጮኻ ጎረቤት አትጠራ።

ታብሌቱ ጭኗ ላይ ነው። «ሙሽሪት ተዘጋጂ» ይላል። ከሥሩ የይለፍ ቃል መጻፊያው፣ ባዶውን። ሰሌዳው ላይ ለልጇ የጻፈችው ነገር የለም። አጥፍታዋለች። በቦታው የሞከረቻቸው ቃላት፣ አንድ በአንድ ተሰርዘው፦ የእናታችን ስም። የልጇ የቤት ስም። የሞተው ውሻችን። የእኔም አለ...

ጻፍኩላት። ገባ። መልእክት ብቻ ዱብ አለ፦ «እማዬ፣ ኔትወርኩ እምቢ አለ መሰለኝ። መንቀሳቀሳችን ነው። ታኅሣሥ 4 ሌላ ወደብ እንደርሳለን፣ ያው አሥር ሰዓት ላይ። ያንን ጉረኛ አጎቴን ስልክ አንሳ በይልኝ።»

መልሼ ደወልኩ። አይሄድም።

እህቴ አልተቆጣችም። ምነው በተቆጣች! ሻርፑን ፈታች፣ አጣጠፈች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኅዳር 15

ጠዋት ሰሌዳውን አነሳች። «ምን ነበር?»

ነገርኳት። «ጭራሮዬ» ነበር፣ በላቲን ፊደል። ልጅ ሆና አጥንቷ ይቆጠር ስለነበር እኔው ያወጣሁላት ስም። የሁሉንም ስም ሞክራ የራሷን አልሞከረችም።

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ነው? ለቅሶ ነው? ድምፅ ከሌለ በምን ይለያል?

ሰሌዳውን አጥፍታ ጻፈች፦ «ዳቦውስ በሰለ?»

«በሰለ» አልኳት። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ስም የማወጣው እኔ ነኝ።» አወጣችም። «ገልቱ ጋሼ»። አምስት ፊደል። አምስት ይተርፋል።

ኅዳር 19

«ቪዲዮ ልቅረጽሽ። ሰሌዳውን ይዘሽ፣ እኔ ታብሌቱን እይዛለሁ» አልኳት።

«ነገ» ብላ ጻፈች። «ዛሬ ፊቴ አያምርም።»

ኅዳር 20

ማለዳ። እጄን እንደያዘች። ዓይኗን ነርሷ ከደነችላት።

ኅዳር 27

ለቀስተኛው አለቀ። ወንበሮቹ ተመለሱ። ጋጋሪው ዳቦ ተሸክሞ መጣ፤ «እግዚአብሔር ያጥናህ፣ ጋሼ። ያን ቀን ባልጠራህ ኖሮ...» አለ። ማን ነገረው? «ስትጠራኝ አሥር ደቂቃ ነው የወሰድክብኝ» አልኩት። «ሌላውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ታብሌቷን በየቀኑ ቻርጅ አደርጋለሁ። ላፕቶፑ ደግሞ የሚጠቀም ሰው ሲያጣ ማካፈሉን በራሱ ያቆማል። ዛሬ ሦስት ጊዜ አቆመ፣ ሦስት ጊዜ ከፈትኩት። ስሙን አልነካሁም።

ለልጅቷ ልጻፍላት? ወደብ ላይ ብቻዋን ቆማ ታንብበው? «እንዳትቀድመኝ» ተብያለሁ... አሁን ማንን ነው የምቀድመው?

ታኅሣሥ 4

ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ። አንዴ በሩ ተንኳኳ። አልከፈትኩም።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ ታብሌቱ ጮኸ። በአንዴ ገባ፤ ምንም አልጠየቀም። ፊቷ መጣ። ነጭ ሽርጥ፣ ግንባሯ ላይ ዱቄት።

«አጎቴ! ደግሞ የእማዬን ታብሌት ሰረቅህ?»

«አዎ።»

«ስጣታ! ከኋላህ አልጋው ባዶ ነው... ተነሳች እንዴ? ተሻላት?»

ሌሊቱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ረጅም ነገር ነበር። ጠፋብኝ። «እናትሽ አርፋለች» አልኩ። ዘጠኝ ፊደል።

ሳቀች። «አጎቴ፣ ይሄኛው ቀልድህ አያምርም።»

ታብሌቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አጎቴ?»

ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ነው። እስክስቅ ትጠብቀኛለች። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር። አንዴ እንኳ አልተቆራረጠም።