የቤንዚን ማደያው ድንበር

ይድረስ ለእህቴ ለተናኘ፤ ደብረ ሲና።

እህቴ፣ እንዴት ነሽ? እንዴትስ ከረምሽ? ያ ጉልበትሽ ዳገቱን እሺ ይልሻል ወይስ ጭራሽ አሻፈረኝ አለ? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? የጣርማ በር ብርድስ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አምላክ ይመስገን በእግሬ እሄዳለሁ፤ ጥርሴ አልቋል፣ ምላሴ ግን እንዳለ ነው። የዚህ አገር በረዶ ሰሞኑን መንገዱን እንደ መስተዋት አድርጎት ሰው ሁሉ ሲንሸራተት እኔ በከዘራዬ ቆሜ ሳይ ሰነበትኩ።

ይህን የምትጽፍልሽ መሰረት ናት፣ የልጄ የልዑልሰገድ ሚስት። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ አላፍርበትም። ያልኩትን እንዳለ እንድትጽፍ፣ እንዳታለሳልሰውም አስምያታለሁ።

ለጥምቀት ከዚህ የሄደ ሰው ነገር አድርሶሽ በስልክ ስትጠይቂኝ፣ «አያ፣ የልጅዎን እንጀራ በአፍዎ ዘጉ ይላሉ፤ እውነት ነው?» አልሽኝ። ያን ጊዜ ስልኩን የዘጋሁት ተናድጄ ነው፤ መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። አሁን ነገሩን ከእኔው ስሚና ራስሽ ፍረጂ።

ልዑልሰገድ እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ሥራው ሽቦ ነው። እዚህ ቴሌቪዥን በየምሰሶውና በየመሬቱ ሥር በተዘረጋ ሽቦ ወደየቤቱ ይገባል፤ ኬብል ይሉታል። ሽቦውን የያዘ ቤቱን ያዘ ማለት ነው። የያዙትም ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው፤ አገሩን እንደ ጉልት ተካፍለውታል። ልጄ መጀመሪያ ከነሱ ለአንዱ ተቀጥሮ ምሰሶ ሲወጣ ኖረ። ኋላ እኔስ ከማን አንሼ አለና፣ እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ በሚባል ከተማ ውስጥ ያገራችን ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ፎቆች ጣሪያ ላይ ዲሽ ተከለ። ከሰማይ የሚቀበለውን በራሱ ሽቦ ለየቤቱ አደለ። ለእኛ ሰዎች የአማርኛውን ፕሮግራምና የእሑዱን ቅዳሴ፣ ለኤል ሳልቫዶር ሰዎቹም ኳሳቸውን አመጣላቸው። «ኩባንያው እሱና መኪናው ናቸው» እያሉ የሚስቁበት ነበሩ። ይሳቁ።

እነዚያ ትልልቆቹ ዘንድ ተበላሸብኝ ብለሽ ብትደውዪ ጆሮሽ እስኪግል ሙዚቃ ያሰሙሻል። ከዚያ በኋላ የማታውቂው ሰው «ጠዋት ቤት ይጠብቁን» ይልሽና ጠዋቱ ያልፋል። ልጄ ዘንድ ስትደውዪ የሚያነሳው ልጄ ነው። አንድ ፋሲካ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ እኔ ባርኬ ቆርሼ ገና ስንጀምር፣ ወይዘሮ ትብለጥ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ምስሉ ጠፋብኝ ብለው ደወሉ። የጎረሰውን ሳይውጥ ተነሣ። ብንለው ብንሠራው፣ የተበላሸ ነገር እያለ ምግብ አይወርድለትም። ከልጅነቱም እንዲህ ነበር፤ ሬዲዮኔን ፈትቶ ሲገጥም አንቺም አይተሻል።

አሁን ሕጉን ስሚ፤ እኔም ደጋግሜ አስነግሬ ነው የገባኝ። ሽቦው በአንድ ግቢ ውስጥ እስካለ ድረስ የከተማው ሹም ብዙ አይጠይቅም። መንገድ የተሻገረ ቀን ግን መንገዱ የሕዝብ ነውና ፈቃድ አምጣ ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዎች ልጄን ና፣ ለእኛም አስገባልን አሉት። መንገዱን እኔ በከዘራዬ እሻገረዋለሁ። ሽቦ ግን ሊሻገረው ከአንድ ስደተኛ የበለጠ ወረቀት ይጠየቃል። ልጄ ፈቃድ ጠየቀ። ትልቁ ኩባንያ በጠበቆቹ ተቃወመ፦ በእኛ ላይ ያለው ግዴታ ሁሉ በእሱም ላይ ይሁን፣ ሰፈሩን በሙሉ ያዳርስ፣ ለሕዝብ የሚሆን ጣቢያም ያቁም አለ። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ይላሉ። ዝሆንና አህያ እኩል ይጫኑ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ንዋይ መጣ። ንዋይ የነፍሰ ኄር በፈቃዱ ልጅ፣ የእኔ የክርስትና ልጅ ነው፤ ሴቨን ኮርነርስ በሚባለው ሰፈር ይኖራል። ትልቁ ኩባንያ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው የሚያስፈርሙ ልጆች አሉት፤ ንዋይ የነሱ ሱፐርቫይዘር ነው። ያገሩን ሰው የሚያውቀው ያገሩ ሰው ነዋ። «እማማ፣ እኛ ዘንድ ሲገቡ የመጀመሪያው ጊዜ በነፃ ነው» ይላቸዋል፣ ጉልበት ይስማል፣ ያስፈርማል። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደተባለው የልጄ ደንበኞች አንድ በአንድ ሄዱለት። በአንድ ማዕድ ያደጉት ሁለቱ ልጆቼ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተያይተው ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ።

እኔ ልጆቼ ሲጣሉ ጠበቃ የምጠራ ሰው አይደለሁም። በልጄ ጉዳይ ዳኛ መሆንም ነውር ነው። ስለዚህ የንስሐ አባታችንንና ጸጋዬን ለመንኩ። ጸጋዬ ታክሲ ነጂ ነው፤ እዚህ አገር ስንት የፈረሰ ትዳር የጠገነ ሰው ነው። አስፐን ሂል በሚባለው ሰፈር እሱ ቤት ተቀመጥን። ንዋይ፣ «እሱ የራሱ ጌታ ነው፣ እኔ ግን በየወሩ አዲስ ቤት ካላስገባሁ ያባርሩኛል» አለ። ልዑልሰገድ፣ የተከልኩትን አትንቀልብኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም አለ። ጸጋዬ ሁለቱንም አያቸውና፣ «እናንተ ልጆች፣ ሽቦ ለቤት መሰለኝ፤ ለካ ለአንገታችሁ ኖሯል» ሲል መጀመሪያ የሳቀው ንዋይ ነው። ሳቅ ከገባ እርቅ ቀርቧል።

ከመንገዱ ዳር አንድ ቤንዚን ማደያ አለ። ከማደያው ወዲህ ያሉት ፎቆች፣ ከመንገዱ ማዶና ማዶ፣ የልዑልሰገድ ይሁኑ፤ ከማደያው ወዲያ የንዋይ። አንዱ የሌላውን በር እንዳያንኳኳ ብለን ፈረድን። የወለደን አባታችን በገደሉ አፋፍ የሚጋጩትን ሁለቱን ቤቶች ሲያስታርቅ ያቆመውን የድንበር ድንጋይ ታውቂዋለሽ፤ እስከ ዛሬ ማን ነቀለው? እንደዚያ ነው ያደረግነው። መስቀል ተሳለሙ፣ ተሳሳሙ፣ አብረው በሉ። ንዋይም ቃሉን ጠበቀ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በልጄ በኩል አንድ በር አልተንኳኳም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ልዑልሰገድ፣ «አባባ፣ ይቺ ነገር እዚሁ ትቅር፤ ለሰው አያንሷት» አለኝ። ምቀኛ የፈራ መሰለኝ። እርቅ ደግሞ ምን ይደበቃል? የሚደበቀው ጠብ ነው።

ፈቃዱ የሚታይበት ቀን ደረሰና ወደ ከተማው አዳራሽ ሄድን። ተራውን ያስመዘገበ ሁሉ፣ ሀብታም ይሁን ድኻ፣ ከሹሞቹ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ይህን ወድጄላቸዋለሁ። እኔም አስመዘገብኩ። ቴዎድሮስ የሚባል ጨዋ ልጅ አስተርጓሚ ሰጡኝ። የትልቁ ኩባንያ ጠበቃ ሴት ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ። ሁለት ኩባንያ በአንድ መንገድ ላይ ከተለቀቀ መሬቱን እየቆፈሩ፣ ሽቦ እየበጣጠሱ፣ በነዋሪው ላይ ይጣሉበታል አለች። ልጄን በሰው ፊት ጠበኛ ስትለው ደሜ ፈላ። ተራዬ ሲደርስ መሰረት ኮቴን ይዛ፣ ስለ ወይዘሮ ትብለጥ ብቻ ይናገሩ አለችኝ። ይህንንም ጻፊ ብያታለሁ፤ እውነት ነውና። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦

«ይቺ ሴት ይጣላሉ ትላለች። አይጣሉም። እኛ ሽማግሌዎች አስታርቀናቸዋል። ከቤንዚን ማደያው ወዲህ የልጄ ነው፤ ወዲያ የነሱ ነው፤ የነሱ ሰው ንዋይ በመስቀል ምሏል። ድንበሩን አንዱም አያልፍም።»

አስተርጓሚው ልጅ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አባቴ፣ ይህን ልተርጉመው?» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ቆመሃል? አንዲት ቃል እንዳታጎድል» አልኩት።

አላጎደለም። ያቺ ጠበቃ ስትጽፍ የነበረውን ትታ ብዕሯን በቀስታ አስቀመጠች። ልዑልሰገድን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞታል። እኔ ደስታ መሰለኝ፣ ተናኘ። ልጄ በአባቱ ኮርቶ የሚያለቅስ መሰለኝ።

ኋላ ነው ያስረዱኝ። እዚህ አገር ሁለት ነጋዴዎች አንተ እዚህ፣ እኔ እዚያ ብለው ገበያ ከተካፈሉ ወንጀል ነው። ለሕዝቡ ዋጋው እንዲረክስለት መፎካከር አለባቸው ይላል ሕጉ። እኔ የማውቀው ሕግ የተጣላውን ያስታርቃል፤ የእነሱ የታረቀውን ያጣላል።

ንዋይን ኩባንያው ወዲያው አባረረው፤ እኛ አላዘዝነውም፣ አናውቀውም ብሎ ማለ። የልጄም ፈቃድ ነገሩ እስኪመረመር ተብሎ ተቀመጠ። የፎቆቹ ባለቤቶች ስማችን እንዳይነሣ ብለው ሸሹት። የራሱ ጠበቃ፣ ከተከሰስክ አትችላቸውም፣ ሳይጀምሩህ ሸጠህ ልቀቅ አለው። ማን ገዛው ትያለሽ? ያው ትልቁ ኩባንያ። ዲሹን ከየጣሪያው አወረዱ፣ የራሳቸውን ሽቦ አስገቡ። ለዚያ ግን ማንም ከልካይ አልተነሣም። ሁለት ወንድማማች መንገዱን ሲካፈሉት ወንጀል ሆነ፤ አንዱ ወዲህና ወዲያውን ሲውጠው ሕጋዊ ሆነ። አሁንስ ከማን ጋር ይፎካከራል? ብዬ ያልጠየቅሁት ሰው የለም።

የአማርኛውን ፕሮግራም ለጥቂት ሰው አያዋጣም ብለው አነሡት። ያ በነፃ የተባለውም ጊዜ አለፈና አሁን ሁሉም ያለቅሳል። ወይዘሮ ትብለጥ ምስሉ ሲጠፋባቸው ያን ሙዚቃ እየሰሙ ይውላሉ። ልጄም ተመልሶ ለእነሱ ተቀጥሯል። ስማቸው የተጻፈበትን ሸሚዝ ለብሶ እንደ ወጣትነቱ ምሰሶ ይወጣል፣ በሽበቱ።

አጠፋሁ ወይ? አላጠፋሁም። ነገም ልጆቼ ቢጣሉ አስታርቃለሁ፤ በአደባባይም እናገራለሁ። ግን ማን አብሮኝ ይቀመጣል? ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ፈርተዋል። አንድ ባልና ሚስት እንኳ እናስታርቅ ብል ጸጋዬ፣ «ሳህሉ፣ ይህስ ላይሰንስ አያስፈልገውም?» ብሎ ያሾፍብኛል። ያሾፋል እንጂ አይመጣም።

ለገና ንዋይ መጥቶ ጉልበቴን ስሞ ሄደ። እንጀራውን ያጣው እሱ ነው፤ የመጣው ግን እሱ ነው። ልዑልሰገድ አልመጣም። ሚስቱን ይልካታል፤ ሽሮውን፣ መድኃኒቱን፣ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ይልካል። አንድም ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ቢወጣ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ መልስ አለው። ለዝምታ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ሆኜ ኖሬ ዛሬ ለእኔ የሚቀመጥ ሽማግሌ አጣሁ።

እንግዲህ ሽማግሌዬ አንቺ ነሽ፤ የዚህ አገር ሕግ ደብረ ሲና ድረስ አይመጣብሽም። ደውዪለት። አባትህ ተጸጽቷል እንዳትዪው፣ ውሸት ነው። አስታርቂኝ ብሎኛልም አትበዪ። በረንዳዬ ላይ በገዛ እጁ የተከለልኝ ትንሽ ዲሽ አለ፤ የአማርኛውን የምመለከትበት የቀረኝ እሱ ነው። አባትህ ቤት ምስሉ ጠፍቷል፣ በረዶው ሳይሆን አይቀርም፣ ጾሙን ያለ ቅዳሴ በጨለማ ተቀምጧል በዪው። ይኸው ነው። ሌላ ቃል አትጨምሪ።

በረዶው ምንም አላደረገውም። ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይቺ የምትጽፈው ልጅ አሁን ትስቃለች፤ ሳቋንም ጻፊ ብያታለሁ። ለባልሽ እንዳትነግሪ ብዬ ይህንንም አስምያታለሁ። ልዑልሰገድ አይቶ ያውቅብኛል፤ የተነቀለና የተበላሸ ሽቦ ለይቶ ነው ያደገው። ይወቅ። ብቻ መጥቶ ይወቅ።

ለባልሽ ለአቶ ሀይሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ንቡን ከጓሮው እንዳያርቅ። ለልጅሽ ለቤዛዊት፣ ልጅ መውለዷን ሰምቼ በሩቅ መርቄያታለሁ በያት። ለታናሹ ለብሩህ፣ ትምህርቱን ይያዝ፤ ቢቻል ግን ጠበቃ አይሁን። ጎረቤቶችሽን ሁሉ በየስማቸው እንደምን ናችሁ በዪልኝ። የአባታችንንም ድንጋይ ሄደሽ እይልኝ፤ ቆሟል ብለሽ እንድትነግሪኝ።

ስሜን መሰረት ጻፈችው፤ አሻራው የራሴ ነው።

ታላቅ ወንድምሽ
ሳህሉ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት ፲፩ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.