እናታችን ያላጠፋችው ጥፋት

ይድረስ ለወንድሜ ለኔስቶር፣ ኩስኮ፦

«መድኃኒቱን ያፈላችው እናቴ ናት። አርጅታለች፤ ሐረጉንና ቅጠሉን መመጠን አቅቷታል። እኔ የላከችልኝን ነው የቀዳሁት።»

ይህ ያንተ ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርሁበትም። ኩስኮ አንተ ዘንድ ራእይ የሚያሳየውን የሐረግ መድኃኒት ጠጥታ ለታመመችው እንግዳ ቤተሰቦች ጽፈህ ሰጠሃቸው፤ እነሱ ለመንደራችን ሸንጎ ላኩት። በጉባኤው ሲነበብ እናታችን ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሰማችው።

እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህ ሉስሚላስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ተቆጥቼም ቢሆን ጤናህን ሳልጠይቅ ነገር አልጀምርም፤ ያሳደገችን ሴት እንዲህ አላስተማረችንም። እኛ ደኅና ነን። የኡካያሊ ወንዝ ሞልቶ ውኃው የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ደርሷል። እንግዳዋም ድና ከሆስፒታል መውጣቷን ሰምተን ተመስገን ብለናል።

ሐረጉን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ እናታችን ስታፈላም እሳቱን ጠብቄአለሁ። ከዚያው ድስት እሷም እኔም ጠጥተናል፤ ማናችንም አልታመምንም። ሴትየዋ ግን ከሐረጉ ጋር የማይስማማ የጭንቀት ክኒን ትወስድ ነበር። እናታችን «ሆድህ ውስጥ ሌላ ምን መድኃኒት አለ?» ሳትል ለማን ቀድታ ታውቃለች? የጠረጠረችውን «ሂድ፣ ሐረጉ አይሸሽም፤ ሰውነትህ ሲጠራ ትመጣለህ» ብላ ስትመልስ አብረን አይተናል። አንተ አልጠየቅህም። ይባስ ብለህ፣ መድኃኒቱ እንዲሠራ በዜማ የከፈትኸውን ገላ በማሳረጊያው ዜማ ሳትዘጋ፣ ሴትየዋ ፍራሹ ላይ እየተንቀጠቀጠች ተነሥተህ ሄድህ። ምነው ብልህ «ደክሞኝ ነበር» አልኸኝ። መድኃኒተኛ የመጨረሻውን ሰው ገላ ሳይዘጋ ይደክመዋል እንዴ?

ዜማውን ከዛፉ ለመማር ጨው ላለመብላት የገባኸውንም ጾም አልጨረስህም። አምና በስልክ ስትዘምር እናታችን «ይህ ዜማ ጨው በልቷል» ብላ ስልኩን ለባለቤቴ ለሄርሊንዳ መለሰችላት። ሄርሊንዳ ሳቀች፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

አሁን ሸንጎው ለሕመምተኛ መድኃኒት ይዛ እንዳትቀመጥ ከልክሏታል። እኔ ተነሥቼ እውነቱን ብናገር «አንተ ለእናትህ ታደላለህ፤ ያኛው ግን ልጅ ሆኖ በእናቱ ይዋሻል?» አሉኝ።  የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ በገዛ ቤቴ አየሁት። አጎታችን ቴኦፊሎ እንኳ ወንዝ ዳር አግኝቷት «እትዬ፣ ዛሬስ ምን ቀላቀልሽ?» ቢላት፣ «ያንተን ምላስ ብጨምርበት ኖሮ እስካሁን ባስመለሳቸው!» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቤት ስትገባ ግን ድስቷን ገልብጣ ደፋችው፤ እስከ ዛሬ አላነሣችውም። ስለ አንተ የምትለው «ልጄ ፈርቶ ነው» ብቻ ነው። እኔ ግን እናትህ አይደለሁም።

ሄርሊንዳ ሰላም ብላሃለች። ቴኦፊሎም፣ ነገረኛ ቢሆንም፣ ናፍቆሃል። ለሉስሚላ አክብሮቴን አድርስልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። እናታችን «በልቶ ይደር» ብላለች።

ሸንጎው ማርች 30 ይሰበሰባል። እንዳልጠየቅህ፣ ሳትዘጋ እንደተነሣህ፣ መድኃኒቱም ነውር እንዳልነበረበት በገዛ እጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ከዚያ ቀን በፊት ላክልኝ። ስልክ አትደውል፤ አላነሣም። ያዋረዳት ቃል በፊቷ ተነብቧል፤ የሚያነሣትም በፊቷ ይነበባል።

ታላቅ ወንድምህ ሮልዳን
ሳንታ ኤልሳ፣ ኡካያሊ ዳር
ማርች 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.