ቆማ እየተማረች «ቀሪ» ስለተባለችው ልጄ

ረቡዕ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቃሊቲ
የጠዋቱ ሽያጭ፦ ሜትር ከሃያ ፍራሽ ሁለት፣ የሕፃን ብርድ ልብስ አንድ፣ ትራስ የለም። አንዲት ደንበኛ ዋጋ ጠይቃ፣ ጋደም ብላ ሞክራ፣ አመስግና ሄዳለች።

ስሙን ለክብሩ ስል በማልጽፈው፣ ከከተማችን ሌላኛው ጫፍ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ፣ ለክቡር የተማሪዎች ዲን፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እመኛለሁ፤ ቀጥሎም የቢሮዎ በር ማጠፊያ በብዙ መዘጋት እንዳይጎዳ፣ መንገድዎም ከቤት እስከ ሥራ እንደ ምኞትዎ አጭር እንዲሆን እመኛለሁ። ከላይ ያለውን የሽያጭ ዝርዝር ስላነበቡ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዕለት ማስታወሻዬን በቀኑና በጠዋቱ ሽያጭ መጀመር ልማዴ ነው፤ ይህን ደብዳቤም የጀመርኩት እዚያው ላይ ስለሆነ መቁረጥ አልሆነልኝም። በግልጽ ለሕዝብ የማወጣውም በሩቁ ላዋርድዎ አስቤ ሳይሆን በቅርብ ላገኝዎ ስላልቻልኩ ብቻ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። ልጄ እምነት ፍቅሩ የዩኒቨርሲቲዎ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሰኞ ዕለት በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ፣ ጠዋት በሚሰጡት ሦስት ትምህርቶች በቀሪ ብዛት ምክንያት የማጠቃለያ ፈተና እንደማትቀመጥ ስሟ ተጽፎ አገኘን። ፈተናው ዓርብ ይጀምራል። ዓርብ ካልተቀመጠች ትምህርቱን እንደምትተው ነግራኛለች፤ ልጄ ደግሞ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ዛሬ የለጠፈችውን ነገ የምታነሳ አይደለችም።

በሥራዬ የፍራሽና የብርድ ልብስ ነጋዴ ነኝ። በየዓመቱ ምደባ በወጣ ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ሱቄን ይሞሉታል፤ እናቶቹ ስፖንጁን በቡጢ እየመቱ ይፈትሻሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ያፍራሉ። ስንቱን ወደ ስንት አገር ጠቅልዬ ሸኝቻለሁ። የእምነት ምደባ እዚሁ አዲስ አበባ መሆኑ ሲሰማ ጎረቤቴ ዳሲቱ ከገመድና ከጆንያ ሱቋ ወጥታ እልል አለች፤ «ወርቄ፣ አንቺስ ታድለሻል፣ እጅሽ ላይ ቀረችልሽ!» አለችኝ። እኔም ከመጣው ጭነት ጥሩውን ፍራሽ መርጬ፣ ላስቲኩን ሳላወልቅ፣ ከሱቁ ጀርባ አቆምኩላት። እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል። ገዢ ሲጠይቀኝ «ተሽጧል» እላለሁ። ነጋዴ ነኝና ሌላም ሌላም እላለሁ፣ ይህን ግን ስል ፊቴን አዞራለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ ለአያያዝ እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ። «ነዋሪነታቸው አዲስ አበባ ለሆነ ተማሪዎች የመኝታ አገልግሎት አይሰጥም» ብላችሁ በመወሰናችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እኛ የገላን ኮንዶሚኒየም ሰዎች ውኃ በሚጠፋበትና መንገድ በሚፈርስበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ መሆናችንን የምንጠራጠርበት ቀን ስለሚበዛ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ተቋም ነዋሪነታችንን በጽሑፍ ሲያረጋግጥልን ክብር ተሰምቶናል። ይሁን እንጂ ከገላን ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ስታዲየም፣ ከስታዲየም እናንተ ዘንድ ለመድረስ ሦስት ሰልፍ እንዳለ ማስታወቂያው ላይ አልተጠቀሰም። ልጄ በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትመለሳለች። ባለቤቴ ፍቅሩ ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልስ ሰርቪስ ሹፌር ነው፤ በዚያው ሰዓት ሠራተኞቹን ከየደጃቸው እየለቀመ በተቃራኒው አቅጣጫ ይነዳል። አንድ ቀን ጠዋት በአውቶቡስ ሰልፉ አጠገብ ሲያልፍ እምነትን በዝናብ ውስጥ ቆማ አያት፤ እጁን አውለብልቦላት አለፈ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ፋብሪካው ሠራተኛው ካልደረሰ ማሽን እንደሚቆም ያውቃል። እናንተ ዘንድ ግን ተማሪ ባይደርስ ምንም የሚቆም ነገር ስለሌለ፣ ሰርቪስ አለመመደባችሁን እረዳለሁ።

ሁለተኛ፣ ዋናውም እርሱ ነው። የመገኘት ፊርማ የሚሰበሰብበት ወረቀት ክፍለ ጊዜው እንደተጀመረ ይዞራል፤ ዞሮ ሲያበቃ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ ቀሪ ይባላል። ልጄ ብዙ ጊዜ የምትደርሰው ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። አንዳንዱ መምህር ያስገባታል፤ ወንበር ስለማይተርፍ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ፣ ደብተሯን በክንዷ ይዛ፣ እስከ መጨረሻው ትጽፋለች። በዩኒቨርሲቲዎ አቆጣጠር በዚያ ሰዓት እዚያ ግድግዳ ጋ ማንም የለም።

በአንጻሩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከመኝታቸው ያልተነሱ ተማሪዎች አሉ፤ የክፍል ጓደኞቻቸው ይፈርሙላቸዋል። እነዚህን ልጆች ለመክሰስ አልጻፍኩም፤ የማንንም ስም አልጠራም፤ ምክንያቱም ሥራው የእኛም ሥራ ነው። እኔ ለጉዳይ ከሱቄ ስወጣ ዳሲቱ ለደንበኛ «አለች፣ አለች፣ አሁን ትመጣለች፣ ተቀመጪ» ትልልኛለች፤ እኔም ለእርሷ እላለሁ። እንዲህ የሚባባሉት ግን ጎን ለጎን የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ተማሪዎችስ እንዲህ የሚተዋወቁት መቼ ነው? ማታ፣ ሻይ አብረው ሲጠጡ፣ ልብስ አብረው ሲያጥቡ ነው። ልጄ በዚያ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ናት። ስለዚህ የሚፈርምላት የለም። ዋሽተህ ፈርምልኝ እንድትልም አልፈልግም፤ እንዲያው ነገሩን እንደ ነጋዴ ሳየው ግን፣ ወረቀታችሁ የሚቆጥረው የመጣውን ተማሪ ሳይሆን ጓደኛ ያለውን ተማሪ መሆኑን ለማመልከት ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ በሚሰጡት ትምህርቶች አንድም ቀን አላጓደለችም፤ ይህም በራሳችሁ መዝገብ ላይ አለ። ጠዋት የምትሰንፍ፣ ከሰዓት የምትተጋ ተማሪ አጋጥማችሁ ሳትገረሙ መቅረታችሁ እኔን ገርሞኛል።

ሦስተኛ። ለአዲስ ተማሪዎች የምክር አገልግሎት ክፍል ስለከፈታችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እምነት የማዋየው ሰው አጣሁ ብላ ወደዚያ ሄዳ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲፈጥንባት ቀና ብላ የምትጠይቀው ሰው እንደሌላት፣ ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ሳትነጋገር የምትመለስበት ጊዜ እንዳለ አስረዳች። አማካሪዋ በትዕግሥት ካዳመጧት በኋላ፣ «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ የአንደኛ ዓመት ነገር ነው፤ በተቻለሽ መጠን ከዶርም ጓደኞችሽ ጋር ተቀራረቢ» ብለው መከሯት። ምክሩ መልካም መሆኑን አልጠራጠርም። በዚያ ማታ ከዶርም ጓደኞቿ ጋር፣ ማለትም ከአባቷና ከእኔ ጋር፣ ሽሮ በልተን ተቀራርበናል።

አራተኛ። የቡድን ሥራ የሚባለውን በተመለከተ፣ ቡድኑ የሚሰበሰበው ከራት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እምነት ድርሻዋን በስልኳ ታክሲ ውስጥ ጽፋ ትልካለች። በቡድኑ ውስጥ «ያልመጣ ሰው ስሙ ለምን ይገባል?» የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ዮዲ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ «ኧረ እናንተ ሼም ነው! ልጅቷ እኮ አንድ እግሯ ታክሲ ውጪ ሆኖ ነው የጻፈችው» ብላ አስገባቻት። ዮዲን አላውቃትም፤ እግዜር ይስጣት። ይኸው ልጅ ለእምነት በነገረቻት መሠረት እርሷ ባለችበት ክፍል ሁለት አልጋዎች ሰው የላቸውም፤ ሻንጣ ተጭኖባቸዋል። ሻንጣዎቹ ከአዲስ አበባ ውጪ የመጡ እንደሆኑ እገምታለሁ።

አምስተኛ ልል የነበረው የቢሮዎን ጉዳይ ነበር፤ እርሱን ግን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፤ በመካከል የሚቀድም ነገር አለ።

ባለፈው ቅዳሜ እምነት ሱቅ መጥታ አገዘችኝ። አንዲት ሙሽራ ልትሆን የተቃረበች ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ሁለቱ በፍራሽ ውፍረት ተጣሉ፤ እናት ቀጭኑን፣ ልጅ ወፍራሙን ይላሉ። እምነት መሐላቸው ገብታ፣ «እማማ፣ እርስዎ እኮ አይተኙበትም፤ እንግዳ ሆነው ሲሄዱ ግን እዚሁ ላይ ነው የሚያስቀምጡዎት» አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፣ ወፍራሙ ተሸጠ። እኔም ኮራሁ። ገዢዎቹ ከወጡ በኋላ ላስቲኩን እያጠፈች፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «እማ፣ ሱቁን እኔ ልያዝልሽ? አንቺም ደክሞሻል» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁና ጥሩ ነገር ሲቀርብልኝ አውቃለሁ። ለሱቄ ከእምነት የተሻለ ሰው አላገኝም፤ ደመወዝ አትጠይቅም፣ አትሰርቅም፣ ደንበኛ ታስቃለች። ሌላ ሰው ያመጣው ሐሳብ ቢሆን ሳልከራከር እጨብጥ ነበር። ግን ያን ያለችበት ድምፅ ሥራ የወደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ዕቃው አልሸጥ ብሎት በማንኛውም ዋጋ ጥሎ ቤቱ ሊገባ የፈለገ ሰው ድምፅ ነበር። ይህች ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ስትመለስ ከታክሲ ረዳት ጋር ተከራክራ፣ የተከራከረችውን ደግሞ እኔና ዳሲቱ ፊት እንደገና ተውና የምታሳየን ልጅ ነበረች። አሁን ትመጣለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ የተደረደረው ፍራሽ ላይ ጋደም ትላለች፣ ሱቅ እስክዘጋ አትነቃም። ዳሲቱ በጣቷ እያመለከተች «ወርቄ፣ ይቺ ልጅ ሱቅ ናት ዶርም?» ብላ ትቀልዳለች። እኔ አልስቅም። ያን ቅዳሜ «መልሺልኝ እንጂ፣ እማ» ስትለኝ «ዓርብን እንይ» አልኳት። እንግዲህ ዓርብን የማየው ከእርስዎ ጋር ነው።

ቢሮዎን በተመለከተ ደግሞ፣ ከማስታወቂያው በኋላ ሰኞም ማክሰኞም መጥቻለሁ። ጸሐፊዎ እጅግ ጨዋ ልጅ ናት። በሁለቱም ቀን ወንበር ሰጥታኝ፣ «አሉ፣ እናቴ፣ ይጠብቁ፤ ኮታቸው አለ» ብላኛለች። በተከፈተው በር በኩል ኮትዎን አይቼዋለሁ፤ ግራጫ ነው፣ ከወንበሩ ጀርባ በሥርዓት ተሰቅሏል፣ ትከሻው አልተዛነፈም። ሰኞ እስከ ምሳ፣ ማክሰኞ እስከ መውጫ ሰዓት ከኮትዎ ጋር ተቀምጬ ውያለሁ። ኮቱ ምንም ያልበደለኝ ስለሆነ ቅሬታ የለኝም።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ልጄ ዓርብ ትፈተን፤ ከፈተናው ብትወድቅ እኔ ራሴ እጇን ይዤ ወደ ሱቅ እመልሳታለሁ፣ ለእርስዎም ሁለተኛ አልጽፍም። ሁለተኛው፣ ለሁለተኛው ሴሚስተር ከሁለቱ ሻንጣዎች አንደኛው ከአልጋው ይውረድላት። ፍራሽ ከእኔ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን ምንም አላስወጣም። እርስዎም እንዳይደክሙ በማሰብ መልሱን በደብዳቤ አልጠብቅም፤ ነገ ሐሙስ ቢሮዎ ሲከፈት ከልጄ ጋር እመጣለሁ። በጸሐፊዎ ክፍል ያለው ወንበር አንድ ብቻ መሆኑን ስላየሁ፣ መቀመጫችንን ይዘን እንመጣለን። ከሱቁ ጀርባ የቆመው ፍራሽ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ እስኪመጡ ድረስ በርዎ ፊት አንጥፈን እንጠብቅዎታለን። ቢያመሹም አያሳስብዎ፣ ብርድ ልብስም አለን።

የነዋሪነቴን ማረጋገጫ በማስታወቂያችሁ ላይ ያገኘሁ፣ ኮትዎን በአካል የማውቅ፣ እርስዎን ለማወቅ ደግሞ ከፍ ባለ ጉጉት የምጠባበቅ፣ ሁልጊዜም አክባሪዎ፣

ወርቅነሽ ሮሪሳ
የፍራሽና ብርድ ልብስ ነጋዴ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እናት

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። እምነት በየቀኑ የምትለብሰው ሰማያዊ ሹራብ አላት። ማታ ስትመለስ ከፊት ባለው ወንበር ጀርባ በሥርዓት ሰቅላው ብትመጣና ጠዋት ወረቀቱ ሲዞር እዚያው ቢገኝ፣ በዩኒቨርሲቲው ደንብ እንደተገኘች ይቆጠርላታል ወይስ ይህ መብት ለሠራተኞች ብቻ ነው?

የነገ ሥራ፦ ፍራሹን በሚኒባስ ጣራ ላይ ለማሰር ከዳሲቱ ሱቅ ገመድ መውሰድ። እምነትን ቀደም ብሎ መቀስቀስ። ሱቅ ዝግ ነው።